ሬዲዮ በአንድ ጆሮ

በእነ አፊፋ ቤት ሬዲዮ እንዴት እንደሚሰማ የማያውቅ ሰው የለም። ችግሩ ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ብቻ መሆኑ ነው።

ባለቤቷ ጃፈር የዲሽ ሰው ነው። የፋብሪካ ሰርቪስ ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ሞተር ሲያጓራ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ታዲያ ድምፅ ኩልል ብሎ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ሪሞቱን ያነሣና ሥዕል ያላቸውን ጣቢያዎች በሙሉ እያለፈ፣ እያለፈ፣ ከሁሉም በታች ወደተከማቹት የሬዲዮ ጣቢያዎች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ከጣቢያው ስም በቀር ምንም የሌለበት ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። «ጥራቱን ስሙልኝ! ሰውየው ምራቁን ሲውጥ ሳይቀር ይሰማል እኮ!» ይላል ጃፈር፣ ድምፁን ራሱ የቀዳው ይመስል። እውነቱን ለመናገር ጥራት አለው፤ መብራት እስካለ ድረስ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መብራት የሚጠፋው ዜና አንባቢው «እንደምን ዋላችሁ» ሊል አፉን ሲከፍት ነው ብላ አፊፋ ልትምል ትችላለች።

ልጃቸው ዩምና ደግሞ የስልክ ናት። ኤርፎኗን በሁለቱም ጆሮዋ ከወተፈች ቤቱ ቢናድ አትሰማም። ብቻዋን ትስቃለች፣ ብቻዋን ትገረማለች፣ አንዳንዴ እንባዋ ሁሉ ይመጣል፤ ምን ሰምተሽ ነው ሲሏት «ተዉት፣ ብነግራችሁም አይገባችሁም» ትላለች። አፊፋ ራሷ ሬዲዮ የምትከፍተው ገበያው ዳር ባለችው የቅመም ሱቋ ውስጥ ነው። ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ትከፍተዋለች፣ ማታ ስትዘጋ ትዘጋዋለች፤ በመሃሉ ምን እንደተባለ ቢጠይቋት አንዲት ቃል አታወጣም። ለእሷ ሬዲዮ ሱቁ ጭር እንዳይል የተቀጠረ ሰው ነው። ያውራ እንጂ ምን እንዳወራ ማን ይጠይቀዋል?

እንዲህ ተከፋፍለው በሰላም እየኖሩ ሳለ ነው አባቷ አቶ ያሕያ አራተኛውን ዓይነት ይዘው ከአልዩ አምባ የመጡት።

የመጡት ወደው አይደለም። ሚስታቸው ወይዘሮ ሌይላ ባለፈው ሚያዝያ ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ ቆላ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ነሐሴ ላይ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውኃ ሊቀዱ ጓሮ ወጥተው ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። ጎረቤታቸው ዓብዱራህማን ለቀትሩ የዙህር ሶላት አለመምጣታቸው አሳስቦት ባይሄድላቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አፊፋ ልታስበው አትፈልግም፤ ግን ሁልጊዜ ታስበዋለች። ሽማግሌው ከንጋት ጀምሮ ዝናብ እየወረደባቸው እዚያው ጭቃው ላይ ነበሩ። ጃፈር መኪና ለምኖ ወረደና በአንኮበር ዳገት አውጥቶ አመጣቸው። በውድቀቱ የተጎዳው ዳሌያቸው ዳነ። አፊፋም ከእንግዲህ አባቷ ወዴትም እንደማይሄዱ ወሰነች። ውሳኔውን ለአባቷ መንገሩን ግን ነገ ነገ እያለች አሳደረችው።

ከቤታቸው ያመጡት መስገጃቸውንና ሬዲዮናቸውን ብቻ ነው። ሬዲዮኑ ከአፊፋ ሠርግ በፊት የተገዛ፣ የጀርባ ክዳኑ ጠፍቶ የባትሪ ድንጋዮቹ በላስቲክ የታሰሩ ነው። አልዩ አምባ ሳሉ ከአንቴናው ጫፍ የመዳብ ሽቦ ስበው ጓሮ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ያስሩት ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክምም ፀሐይ ላይ አስጥተው ነፍስ ይዘሩበታል። ደብረ ብርሃን ላይ ሽቦ የሚታሰርበት ዛፍ አልተገኘም፣ ፀሐይዋም ድንጋይ ቀርቶ ሰው አታሞቅም። ቢሆንም ሬዲዮኑ እየተንጫጫ ይናገራል። አቶ ያሕያ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሬዲዮናቸውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ፊታቸውን ከፊት ለፊታቸው ወዳለው ባዶ ወንበር አድርገው ይቀመጣሉ። ጥቂት ቆይቶ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

አፊፋ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ልቧ ተነካ። ድምፅ የለውም፣ ከንፈር ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ አንዳንዴም እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ነቅነቅ እያደረጉ።

«አያትሽ ዚክር ላይ ናቸው» አለች በሹክሹክታ፣ ዩምናን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ እየጎተተች።

«ሬዲዮ እየሰሙ?» አለ ጃፈር።

«አንተ እየነዳህ ታወራ የለ? ጆሮው ወሬ ላይ፣ ምላሱ አላህ ዘንድ ነው። አባቴን አታውቀውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሕግ ወጣ። አቶ ያሕያ ሬዲዮ ከፍተው ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ ሁሉም ሰው በእግሩ ጣት እየተራመደ ይወጣል። ጃፈር ዲሹን ያጠፋል፤ ይህ ደግሞ ለጃፈር ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። ዩምና ጓደኞቿን ከበር ትመልሳለች። አፊፋም ሱቅ ለሚመጡት ሴቶች ሁሉ «አባቴ እኮ ለዜና እንኳ ብሎ ዚክሩን አያቋርጥም» እያለች ትነግራለች፤ ሴቶቹም «ማሻ አላህ» ይሏታል፣ እሷም ደስ ብሏት ቅመም ትመርቅላቸዋለች። ሽማግሌውን ግን የጠየቃቸው የለም። ዚክር ላይ ያለን ሰው ማን ደፍሮ ያናግራል?

ኅዳር እንደገባ አንድ ቀን ጠዋት አቶ ያሕያ ቁርስ ላይ «እንግዲህ ልውረድ» አሉ።

«ወዴት?» አለች አፊፋ፣ ወዴት እንደሆነ ልቧ እያወቀ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ሬዲዮኔም እዚህ አገር አልተስማማውም።»

ሌላ ምክንያት አልሰጧትም። ስለዚህ አፊፋ የሬዲዮኑን ነገር ሙጭጭ አድርጋ ያዘችው። ሬዲዮው ከተስተካከለ አባቷ ይቀራሉ፤ ካልተስተካከለ ያ ጭቃ፣ ያ ጓሮ፣ ያ ዝናብ ይጠብቃቸዋል።

መጀመሪያ ራሱን ሬዲዮኑን ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ጠጋኙ ከፈተው፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ አንዲት ሽቦ በየደና «ይሄ እኔንም አንቺንም ይቀብራል» ብሎ መለሰላት። ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ። አባቷ መረቋት፣ ከፈቱት፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሁሉም ወጣላቸው፤ ትንሽ ቆይተው ዘጉት።

ቀጥሎ ተራው የጃፈር ሆነ። አማቱን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠና ወደ ጣቢያዎቹ ታችኛው ሰፈር ወረደላቸው።

«እንዴት ነው አባባ?»

«ጥራት አለው» አሉ አቶ ያሕያ በትሕትና። «ግን ይሄ ጥቁር ነገር ምኑን ነው የሚያሳየን?»

«ምንም አያሳይም። ድምፅ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን እናየዋለን?»

ጃፈር ድምፁን ከፍ አደረገው። ይባስ ብሎ ሽማግሌው የራሳቸውን ሬዲዮ ጎን ለጎን ከፈቱት፤ ያው ጣቢያ፣ ያው አንባቢ፣ ግን የእሳቸው አንድ ትንፋሽ ያህል ቀድሞ ይናገራል፣ ዲሹ ከኋላው ተከትሎ ይደግማል። «አየህ፣ የእኔ ይናገራል፣ ያንተ ያስተጋባል» አሉት። ጃፈር ያን ምሽት ከሳተላይቱ ጋር ተኳርፎ አመሸ።

ከዚያ ኤፍ ኤም የሚይዝ፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ስፒከር ገዛላቸው። ቁልፎቹ ከማነሳቸው የተነሣ ሽማግሌው ዜና ሲፈልጉ የዩምና ፍላሽ ውስጥ ያለው ዘፈን ያምባርቃል፤ ያንን ሊያጠፉ ሲነካኩ ጭራሽ ይብስበታል። ዩምናም በበኩሏ በስልኳ ኢንተርኔት ከፈተችላቸው፤ እሱም መልካም ነበር፣ ዳታው አልቆ አንባቢው አንድ ቃል ላይ ተሰንቅሮ እስኪቀር ድረስ። አፊፋ ተስፋ ስትቆርጥ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ሄደች። ጆሯቸውን ያየችው ሐኪም «ከእኔ ጆሮ ይሻላል» ብላ ሸኘቻቸው።

እያንዳንዱን አቶ ያሕያ «ደግ ነው» ብለው ተቀበሉ። በእያንዳንዱም ላይ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቤተሰቡም በአክብሮት ተነሥቶ ወጣላቸው። ከዚያ ይዘጉና የአንኮበር መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይጠይቃሉ።

አፊፋን ውስጥ ውስጡን የሚበላት ሌላም ነገር ነበር። የመሄዳቸው ምክንያት ሬዲዮ እንዳልሆነ፣ ምክንያቱ እሷ ራሷ እንደሆነች ትጠረጥራለች። እናቷ ሊድሯት ያሰቡት እዚያው ቆላ ላለ ዘመድ ነበር፤ እሷ ጃፈርን መርጣ ደጋ ወጣች። በሠርጉ ላይ ማንም አላኮረፈም። በኋላ ግን፣ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ስልክ በደወለች ቁጥር የእናቷ ድምፅ ከአንዲት መስመር አያልፍም። «ደህና ነሽ? ልጅሽ ደህና ናት? በይ አባትሽን።» የፈለገችውን ብታወራ ያው ነው። አንድ ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ደወለች። «እማዬ፣ ልጁን አጣሁት» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። እናቷም «እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ! በይ አባትሽን ላቅርብልሽ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፊፋ ለእናቷ የልቧን ነግራ አታውቅም። ስትደውልም እንደ እሳቸው ማሳጠር ተማረች። ሚያዝያ ላይ ከቀብር ስትመለስ ያለቀሰችው ግማሹ ሐዘን፣ ግማሹ ንዴት ነበር። አሁን ደግሞ አባቷም በዚያው መንገድ ፊት እየነሷት መሰላት።

አቶ ያሕያ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ሹፌሩን ወልደ ሰንበትን ራሳቸው አነጋገሩት። ሐሙስ ጠዋት፣ የፊት ወንበር።

ረቡዕ ዕለት አፊፋ ሱቋን ዘግታ ስንቅ ስታዘጋጅ ዋለች። ጃፈር ሥራ ነው፣ ዩምና ትምህርት ቤት ናት። የቀን ዜና ሊጀምር ሲል መብራት እንደ ልማዱ ድርግም አለ። አቶ ያሕያ ሬዲዮናቸውን ነካኩት፤ ድንጋዩ ሞቷል። አንሥተው በጨርቅ ጠቀለሉትና ለመንገድ ከተዘጋጀው ዘንቢል ውስጥ ከተቱት።

«አባዬ፣ ዜና ሊያልፍህ ነው» አለች አፊፋ።

«ይለፈኝ።»

ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ዘጠኝ ልጅ ተሰልፎ ቢያለቅስባቸው ዜና የማያልፋቸው ሰው ናቸው። አንጀቷን በሏት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዩምና ትምህርት ቤት አይገባም ስለተባለ ቤት ትታው የምትሄደውን ስልክ ከትራሱ ሥር አወጣች። የኤርፎኑ ገመድ ካልተሰካበት የስልኩ ሬዲዮ እንደማይሠራ ልጅቷ ነግራታለች፤ ሰካችው። አንዱን ጫፍ ለአባቷ ጆሮ ሰጠች። ይሠራ እንደሆን ለማወቅ ሁለተኛውን በራሷ ጆሮ አደረገች። ገመዱ አጭር ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መቀመጥ ነበረባቸው። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ተጠግታቸው አታውቅም፤ ጋቢያቸው የአልዩ አምባን ፀሐይ ሽታ እንደያዘ ነበር።

ዜናው ጀመረ። በወረዳዎቹ የስንዴ አጨዳ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው ይላል አንባቢው። አፊፋ ጆሮዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስለሌለ ሳትወድ በግድ ታዳምጣለች። ዞር ስትል የአባቷ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀምሯል። ልማድ ነውና ለዚክራቸው ቦታ ልትለቅ ብድግ አለች፤ ገመዱ ጆሮዋን ያዘና መልሶ አስቀመጣት። ተነሥታ ብትሄድ ስልኩም፣ የአባቷም ጆሮ አብረዋት ሊሄዱ ነው።

ስለዚህ ቁጭ ብላ ከንፈራቸውን አየች። ከቅርብ፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት። አንባቢው «በሄክታር» አለ፤ ከንፈራቸው «በሄክታር» አለ። አንባቢው «አርባ ኩንታል» አለ፤ ከንፈራቸው «አርባ» ብሎ፣ ከዚያ ሰፋ ጠበብ እያለ፣ ምንም ጥርጥር የሌለው «ኩንታል» አለ።

ኩንታል የሚል ዚክር የት አገር አለ?

«አባዬ» አለች፣ «ኩንታል አልክ።»

«እ?»

«ከንፈርህ ነው። ኩንታል አለ። ዚክር አልነበረም እንዴ?»

«የቱ ዚክር?»

«ሬዲዮ ስትሰማ የምታደርገው! ዚክር ላይ ነህ ብለን እኮ ነው ሁልጊዜ የምንወጣልህ!»

አቶ ያሕያ ኤርፎኑን ከጆሯቸው አወጡና እጃቸው ላይ ያዙት። ገጻቸው ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ሳቅ ሊሆን የቃጣው ነገር ታየ፤ ሳቅ ግን አልሆነም።

«ለዚያ ነው የምትወጡት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ እኮ... ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ሁላችሁም ብድግ ትላላችሁ። ባልሽ ያጠፋል፣ ልጅቱ ትሮጣለች። በዛሁባቸው አልኩ። አፋቸውን ሞልተው ሂድ አይሉኝም እንጂ ሰልችቻቸዋለሁ አልኩ።»

አፊፋም ኤርፎኑን ከጆሮዋ አወጣች። ሦስት ወር ሙሉ አባቷን ከቤቷ ያስወጣቻቸው በአክብሮት ነበር።

«ታዲያ ለማን ነው የምታወራው?» አለች። «ያ ወንበር ላይ እኮ ማንም የለም።»

ሽማግሌው ወንበሩን አዩት።

«ለእናትሽ ነው» አሉ። «ለሰው እንዳልናገር አደራ ብላኝ ነበር። ግን እንግዲህ እሷም ሄደች፣ አንቺም በገዛ ዓይንሽ ያዝሽኝ። እናትሽ አትሰማም ነበር፣ አፊፋ። ሰባት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ አንዱ ጆሮዋ፣ ከዚያ ሁለቱም። ከንፈሬን እያየች ነው የምትሰማው። ሬዲዮውን እኔ እሰማለሁ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ያለ ድምፅ እነግራታለሁ። ድምፅ ምን ያደርግላታል? ቀስ ብዬ፣ ቃሉን ሳልውጥ። ለምዶብኝ ቀረ። አሁንም ዜና ስሰማ ከንፈሬ ዝም አይልልኝም።»

«ሰባት ዓመት?» አለች አፊፋ። «ለዒድ ስንመጣስ? ትስቅ የለ? ትመልስልን የለ?»

«አጠገቧ ማን ነበር የሚቀመጠው?»

አፊፋ አስታወሰች። ሁልጊዜ አባቷ ነበሩ፤ ደግሞም ሁልጊዜ ወደ ሰዉ ሳይሆን ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«ለምን አልነገራችሁንም?» ድምፅዋ ጨመረ። «እናቴ እኮ ናት! አሳክማት ነበር! እኔ ምን አድርጌያችሁ ነው?»

«አየሽ፣ ጮኽሽ» አሉ አቶ ያሕያ ረጋ ብለው። «እሷም ይሄንኑ ነው ያለችው። ‹አትሰማም ካሉ ይጮኹብኛል፤ ልጄ ስትጮኽብኝ ፊቷን ማየት አልፈልግም› አለችኝ። እኔም ቃል ሰጠሁ። ሕክምናውንማ እኔና እሷ ሄደናል፣ አይመለስም ብለውናል።»

አፊፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓመታት ሙሉ ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ያ የስልክ ቀን ተነሥቶ ፊቷ ቆመ። «ልጁን አጣሁት» ስትል እናቷ «አልሐምዱሊላህ» ያሉት ጨክነውባት አልነበረም። ያልሰሙትን ጥያቄ በግምት እየመለሱ ነበር። ሁልጊዜ ደህና ናችሁ ወይ ብላ ስለምትጀምር፣ ደህና ነን አሉ።

«ጽንሱ የወረደብኝ ጊዜ» አለች ከነጠላው ውስጥ። «ታውቅ ነበር?»

«ስልኩን እንደዘጋሽ ነገርኳት። ተነሥታ ወጣች። ቅቤውንና የገንፎውን እህል ይዛ እስከ አንኮበር በእግሯ ሄዳ መኪና ላይ ያስጫነችው እሷ ናት። እኔ የላክሁት መስሎሽ አመሰገንሽኝ። አላስተባበልኩም፤ ምን ብዬ ላስተባብል?»

ያን ቅቤ አፊፋ አስታወሰችው። አሁን ታለቅስ ጀመር፤ ሚያዝያ ላይ እንዳለቀሰችው ሳይሆን፣ ንዴት የሌለበት፣ ልጅ እንደሚያለቅሰው ዓይነት። አባቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ያልሽውን ሁሉ ነግሬያታለሁ» አሉ በኋላ። «አንድ ቃል አስቀርቼባት አላውቅም። ጨምሬ ግን አውቃለሁ፣ አላህ ይማረኝ።»

«ምን ጨመርክ?»

«አንቺ ስልኩን በዘጋሽ ቁጥር ‹እናቴ ትናፍቀኛለች በላት ብላለች› እላት ነበር። አንድ ቀን ብለሽ አታውቂም።»

አፊፋ ዓይኗን ጠረገችና አየቻቸው።

«እሱ ጭማሪ አይደለም፣ አባዬ» አለች።

ያን ቀን ስለ መኪናው ሁለቱም አላነሡም። ዘንቢሉ እንደታሰረ በር ሥር አደረ። አፊፋ «እዚሁ ቅር» ብላ ልትለምናቸው ደጋግማ አሰበችና ተወችው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሰውየው ያልጠየቁትን ስትሰጣቸው ከርማለች፣ አሁን ደግሞ ያልወሰኑትን ልትወስንባቸው አልፈለገችም። ለጃፈርና ለዩምና ግን ሁሉንም ነገረቻቸው። ጃፈር የዚክሩን ነገር ሲሰማ ራሱን ይዞ ቀረ። «ስንቱን ኳስ በዚያ ምክንያት አሳለፍኩት!» አለ መጀመሪያ፤ ከዚያ አፈረና «ምስኪን» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። አቶ ያሕያ ሰግደው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ተዘጋጁ። መኪናው እስኪሞላ ጊዜ አለ። ጃፈር ማልዶ ወጥቶ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ መጥቷል፤ ለመንገድ ይሆናል ብሎ ሰጣቸው። ሽማግሌው ሬዲዮናቸውን ከዘንቢሉ አውጥተው አጎረሱት። የጠዋቱ ዜና ላይ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዞሩ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ማንም አልተነሣም።

ወንበሩ ላይ አፊፋ ተቀምጣለች። ዩምና ኤርፎኗን አንገቷ ላይ ጥላ ከጎኗ ተለጠፈች። ጃፈር በሩን ተደግፎ ቆሟል። አቶ ያሕያ ቆም አሉ።

«ምነው? ሥራ የላችሁም?»

«አባባ፣ እኛ የከንፈር ትምህርት አልተማርንም» አለ ጃፈር። «ከነድምፁ ይንገሩን።»

«ሬዲዮው እየነገራችሁ አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ለአገሩ ሁሉ ነው የሚናገረው» አለች ዩምና። «እርስዎ ለእኛ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ፤ ድምፅ አውጥተው ዜና ከተናገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ተሟሟቁ። አንባቢው ሊሠራ ነው ብሎ በሦስት ቃል ያለፈውን መንገድ እሳቸው በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የማን ማሳ እንደሚነካ፣ ገደሉ ላይ ድልድይ ካልተሠራለት ክረምቱ ጠርጎ እንደሚወስደው ጭምር አከሉበት። ሬዲዮው የሚናገረውን እየተናገረ ነው፣ የሚሰማው ግን አልነበረም። ዩምና አገጯን በእጇ ይዛ አፍ አፋቸውን ታያለች።

«ኧረ አባባ፣ ድልድይ አላለም!» አለ ጃፈር። «ይሄንን ዜና እኮ ሱቅ ቆሜ ሰምቼዋለሁ!»

«ይላል!»

«አላለም!»

«ነገ ይላል!»

ዩምና እየሳቀች ወደቀች። አቶ ያሕያም ፊታቸው በርቶ ጃፈርን በጣታቸው እየጠቆሙ ሊከራከሩት ወደ ፊት ተስበው ተቀመጡ። ሚስታቸው ሌይላ ዓይኗን ከከንፈራቸው ሳትነቅል ትቀበላቸው ነበር እንጂ እንዲህ ያፋጠጠቻቸው ቀን አልነበረም፤ ክርክር እንዲህ እንደሚጥም ረስተውት ነበር።

በመሃል የአፊፋ ስልክ ጮኸ። ወልደ ሰንበት ነበር። መኪናው ሞልቷል፣ የፊት ወንበሩ ብቻ ቀርቷል፣ ሰው እየጮኸበት ነው። አፊፋ ስልኩን ለአባቷ ዘረጋችላቸው። 

አቶ ያሕያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ግን ከጃፈር ላይ አላነሡም።

«ወልዴ፣ ወንበሩን ለሰው ስጠው» አሉ። «እኔ ዜና ላይ ነኝ።»